ልጄ ያዳቀለችው ሽታ

ልጄ እፀ ፋሪስ ማዳቀል የጀመረችው ሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ነው። በስደት የምንኖርበት አገር ሕግ ለአዋቂ ሰው በግል ግቢ መትከል ፈቅዷል፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት የምታጠና ትልቅ ልጅ ናት። እኔ ግን ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ የሚያነበው ይመስለኝ ነበር። ጀፕስታውን ገበያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ስሸጥ የኖርኩት ሰውዬ፣ እዚህ ዳጋ የሚሉት የዚህ ቅጠል አባት ሆኜ ቁጭ!

ብቆጣት ማስረዳት ጀመረች። የወንዱን የአበባ ዱቄት በቀለም ቡርሽ አንስታ የሴቷ አበባ ላይ ትቀባለች። አንደኛው ወላጅ ሎሚ ሎሚ፣ ሌላኛው ጥድ ጥድ ይሸት ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ በርበሬ የሚሸት አለ፣ ናፍጣ የሚሸት አለ።

"ቴርፒን የሚባለው ነው፣ ዳዲ። ሎሚም ውስጥ አለ፣ በሶብላም ውስጥ አለ። ስታዳቅለው ሚክሱ ይለወጣል፤ ጣዕሙም አብሮ ይለወጣል" አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሳክሲያ አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

"ከነዚህ አንዷ እማዬ እማዬ ትሸታለች። የቷ ናት?" አለች።

ባለቤቴ የሞተችው ልጃችን ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። ከአዲስ አበባ ሰው በመጣ ቁጥር አሪቲ ታስመጣና ልብሷ መሀል ትከተው ነበር። ልጄ ከእናቷ የቀራት ያ ሽታ ነው፤ እሱንም በደንብ አታስታውሰውም።

"እኔ ልጅ ነበርኩ። አንተ ታውቀዋለህ። ቦታ ያለኝ ለአንዷ ብቻ ነው፤ የምትላትን አስቀርቼ ከሷ አራባለሁ።"

ያልነገርኳት ነገር አለ። ያ ዓለሙን ሁሉ ያሳመመ በሽታ ከያዘኝ ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ወጥ ማረሩን የማውቀው ጭሱን ሳይ ነው። ለትንሽ ሳል ክሊኒክ ካልሄድን የምትል ልጅ ስለሆነች ደበቅኳት፤ ሲቆይ ደግሞ መናገሩ አሳፈረኝ።

አበባዎቹን በጣቷ እያሸች አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ሳብኩ፣ ደግሜ ሳብኩ። ምንም የለም። ቢያንስ የባለቤቴን ሽታ በሐሳቤ ልፈልገው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሪቲ የሚለው ስም መጣልኝ እንጂ ሽታው አልመጣም። ያኔ ፈራሁ። አላውቅም ብላት ያልቅ ነበር። ግን እንደዚያ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ አቃተኝ። በጣቴ ሦስተኛዋን አሳየኋት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እሷ ናት።"



"እኔ እኮ ሁለተኛዋ መስላኝ ነበር። ትናንት ሳሸታት አለቀስኩ" አለች። "ግን አብረሃት የኖርከው አንተ ነህ።"

 ልጄ ሁለተኛዋን ከነሥሯ ነቅላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻት።