ያልተሰነጠቁት ገጾች

ዳገቱ ላይ የሚኖሩት መጽሐፍ ወዳድ ሽማግሌ፣ ካላቸው መጽሐፍ አንዱንም አላነበቡም እየተባለ በሆባርት ወደብ ይወራል። ወሬውን የጀመረው ጋሪ ነጂው ክራብ ነው። ከለንደን የሚመጣ መጽሐፍ ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ነው የሚመጣው፤ አንባቢው በቢላዋ እየሰነጠቀ ይገልጣቸዋል። ክራብ ሣጥን ሊያደርስ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ሁሉ እንዳልተሰነጠቀ አየ።

"ሰውዬው ግድግዳ ነው የሚያለብስበት!" አለ። ማታ ይህን ያወራበት መጠጥ ቤት በሳቅ አውካካ፤ በማግስቱ በአገረ ገዢው ማዕድ ሳይቀር ተሳቀበት።

ቤታቸውን የምትጠርገውና ልብሳቸውን የምታጥበው ኖራ ግን ሳቁ አልዋጥ አላት። መደርደሪያው ላይ ያሉት የቆዩ መጽሐፎች እስከ መጨረሻ ገጻቸው መሰንጠቃቸውን አቧራ ስታራግፍ አይታለች። ያልተሰነጠቁት ባለፉት ሁለት ዓመታት የመጡት ብቻ ናቸው። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው መቆለፍ፣ ሻዩንም ከስኒው ውጭ መቅዳት የጀመሩት ያኔ ነው። አሁን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል፤ ከዚያ "ይሄ የታሪክ ነው፤ አይደል?" ይሏታል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ "ይመስላል ጌታዬ" ትላለች።

ማክሰኞ ሌላ ሣጥን ደረሰ።

"ኧረ ጌታዬ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልዎታል? ማዘዙን ይተዉት እንጂ!"

ሽማግሌው መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ዓይኔ ድንገት ቢመለስስ፣ ኖራ? በባዶ ቤት ልቀበለው ነው?"

ኖራ ያቀፈችውን እርጥብ አንሶላ አስቀምጣ፣ የቀሩትን መጽሐፎች ከሣጥኑ ታወጣ ጀመር።