በውሃው ጎማ ውስጥ የታየችው አረፋ

ይሉኝታ ያፈረሰው ቤት ቢቆጠር ሮም ሙሉዋን አትበቃውም። እኔ ግን የጽጌረዳን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ጽጌረዳ የኮተቤ ልጅ ናት። ሮም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አንዲት አሮጊት ስትጦር ኖረች። አሮጊቷ ሲሞቱ ሥራውም የምታድርበት ክፍልም አብረው ሄዱ፤ ልጆቻቸው በቀብሩ በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ተቀበሏት። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በሰኔ ያበቃል፤ ያለ ኮንትራት ደግሞ አይታደስም። ጓደኞቿ ሌላ አሮጊት እንድትፈልግ መከሯት። «ሌላ ሰው አልቀብርም፣ በቃኝ!» አለችና የመኖሪያ ቤት ግንባታ የሚያስተምር የሰፈር ሙያ ትምህርት ቤት ገባች።

አብደሻል ያላላት የለም። እሷ ግን የግንበኛ ልጅ ናት። ለአባቷ ብሎኬት ስታቀብል ነው ያደገችው፤ ያ የተረገመ ግንብ ወድቆባቸው አንድ እግራቸውን እስኪያጡ ድረስ። አሁን አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ፈተናውን ካለፈች በማግስቱ ኮንትራት ሊፈርምላት ቃል ገብቷል። ካላለፈች ግን ሰኔ ሲያልቅ ወረቀቷም ያልቃል።

ፈተናው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። የደረሷት ጋሽ ፍሰሃጽዮን ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ስደተኞች በሰፈሩበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ፣ የሚኖሩ። ሠላሳ ዓመት ገንብተው አንድ ሠርተፊኬት የላቸውም። የካዙዎላ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ አያያዝ፤ የማልታ፣ የሲሚንቶ ቡኮ፣ አቦካክ፤ ሁሉንም ከክፍል በኋላ ቆመው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ግን ኩሩ ናቸው። በመጀመሪያው ወር «ጋሼ፣ ያቺ ብሎኬት አልተንጋደደችም?» ብላ ጣሊያኖቹ ፊት ብትጠይቃቸው አራት ቀን ሰላምታዋን አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ አፏን ቆልፋለች።

ፈተናው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ሁለት ትይዩ ግድግዳ ይሠራሉ፣ አንዱን እሷ፣ አንዱን እሳቸው። በመጨረሻ በሁለቱ ላይ አርኪትራቬ፣ ማለትም የበር አናት የሚሸከመው ኮንክሪት፣ ይጋደማል። ወለሉ ሆን ተብሎ አዘቅዝቋል። ፈታኙ ጂኦሜትራ በጽጌረዳ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ቀይ ምልክት አድርጎ፣ ሁለቱም ግድግዳ በዚያ ቁመት እንዲያልቅ አዘዘ። ሌሎቹ ሌዘር አበሩ። ጋሽ ፍሰሃጽዮን ግን ብርሃን የሚተፋ ሳጥን አያምኑም። ውስጡ የሚያሳየውን ነጭ የቁመት መለኪያ ጎማ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ለእሷ ሰጧት። «ውሃ አይዋሽም፣ ልጄ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ውሃ አይዋሽም። ጎማው ማደባለቂያው ሥር በታጠፈበት ቦታ ግን ጽጌረዳ የአውራ ጣት የምታህል አረፋ አየች። አየር የገባበት ጎማ ልኩን ያዛባል፤ ይህን ሕፃን ሆና ነው ያወቀችው። አፏን ከፈተች። ጋሽ ፍሰሃጽዮን በሩቁ ጫፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ገልጠው ምልክታቸውን ሲያሰምሩ፣ ጂኦሜትራው ጎናቸው ቆሞ ያያል። አፏን መልሳ ዘጋችው። ምናልባት እሳቸውም አይተዋታል፣ ምናልባት አረፋዋ ወጥታለች፤ ምናልባት፣ ምናልባት እያለች ማልታዋን ማንሳት ጀመረች።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ መታገሥ አቃታት። ጋሽ ፍሰሃጽዮን ማልታ ሊያቦኩ ሲሄዱ ጎማውን አራግፋ አረፋዋን አስወጣች፤ አንዱን ጫፍ ቀዩ ምልክት ላይ በሲባጎ አሰረችና ሌላውን ይዛ ወደ እሳቸው ግድግዳ ሮጠች። ሁለት ሴንቲ ሜትር! የእሳቸው ምልክት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ ግድግዳው በሙሉ ስህተት ነው። አርኪትራቬው ሲጋደም የሰከረ ሰው መስሎ ይዘማል፣ ሁለቱም ፈተናውን ይወድቃሉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትናገራላችኋ! ጽጌረዳ ያደረገችውን ግን ከእኛ ወገን በቀር ማንም አያደርገውም። ትክክለኛውን የራሷን ግድግዳ ከፍ አድርጋ ከስህተቱ ጋር ልታስተካክለው ተነሳች። ቢያንስ አርኪትራቬው ይተኛል፣ ጋሼም ሰው ፊት አያፍሩም። አንድ ጣት የነበረውን የማልታ ንብብር ሁለት ጣት አደረገችው። ፔርሜሶዋ እየታያት አራተኛውንና የመጨረሻውን ረድፍ ደረደረች። ሰዓቱ ሰባት ሆነ።

«ጽጌ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፍሰሃጽዮን ከጀርባዋ ቆመዋል። «ይሄ ማልታ ምን ነክቶት ወፈረ?»

«ምንም… ቀጥኖብኝ ነው።»

«ማልታ ሲቀጥን ይወፍራል እንዴ? ማንን ነው የምታሞኚው?»

እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ ጎማው ውስጥ አረፋ ነበረ። የእርስዎ ምልክት ሁለት ሴንቲ ከፍ ብሏል።»

«መቼ አወቅሽ?»

«አረፋዋን ጠዋት አይቻታለሁ። እርስዎን መድፈር መስሎኝ ነው…»

«አበስኩ ገበርኩ!» ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «ከእኔ ኩራት ጋር ልትቀበሪ ነበር? ወላጅ አባትሽ ቢሆኑስ፣ እንዲህ ዝም ትያቸው ነበር?»

ጽጌረዳ ካዙዎላዋን አስቀመጠች። «ዝም ብያቸዋለሁ» አለች። «የግንቡ መለኪያ ሲባጎ ረግቦ አይቻለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ግንቡ በማግስቱ ወደቀባቸው።» ይህን ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም ተናግራ አታውቅም።

ጋሽ ፍሰሃጽዮን ወደ ጂኦሜትራው ዞሩ። እነዚያ አራት ቀን ያኮረፉት ሽማግሌ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ በጣሊያንኛ ጮኹ፦ «ጂኦሜትራ! ግድግዳዬ ሁለት ሴንቲ ስቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሲኞራ አይደለም!»

ካዙዎላው ሁሉ ቆመ። ጂኦሜትራው መጥቶ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። «አሎራ፣ አርኪትራቬው ቀረ። ሠላሳ ነጥብ ጠፋ። ሲኞራ ስልሳ አምጥታ ማለፍ ከፈለገች የቀረው እንከን የለሽ መሆን አለበት። አርባ ደቂቃ አላት።»

አራተኛውን ረድፍ በመዶሻ አፈረሰችው። ፈተናቸው ያበቃው ጋሽ ፍሰሃጽዮን፣ የሠላሳ ዓመት ግንበኛ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንደ ቀን ሠራተኛ ማልታ አቀበሏት። ጂኦሜትራው አይቶ እንዳላየ ዞረ። የመጨረሻዋን ብሎኬት ስታሳርፍ ደወሉ ተደወለ። ሜትሩ ቀዩ ምልክት ላይ ተዘረጋ፣ ቱንቢው ወረደ፣ ጂኦሜትራው መነጽሩን አውልቆ እንደገና አጠለቀ። ጽጌረዳ የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራች።

«ስልሳ ሦስት» አለ። «ቫ ቤኔ፣ አልፈሻል።»

አልጮኸችም፣ እልልም አላለችም። ፌርማታው ላይ ደርሰው አውቶቡስ ሲጠብቁ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ በመስከረም ለፈተናው እመለሳለሁ» አሉ ጋሽ ፍሰሃጽዮን። «በሌዘራቸው እሠራለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ።» ቀጥለው ጠየቋት፦ «አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ እኔ ያ ሁሉ ሰው ፊት ከተናገርኩ፣ አንቺ በስልክ ያቅትሻል?»

እዚያው ተቀምጣ ደወለች። ማለፏን ሳትነግራቸው፣ ሲባጎውን ነገረቻቸው። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«አባባ?»

«አለሁ» አሉ። «ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ በጥፊ አጮልሽ ነበር።» ከዚያ ቀጠሉ፦ «እግሬ ግን ይተርፍ ነበር።»