የጋሼ ታደለ ቀርፋፋ ካሴት

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለሥራ ቤሩት ከሄደች በኋላ ባሉት ክረምቶች፣ ተረት የሰማሁት ከቴፕ ጋር ነው። ያኔ መቱ ከተማ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር እኖር ነበር። እሷ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች ቤት የምትገባው ሲመሻሽ ነው፤ የዚያ አገር ክረምት ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ ስለሚገባ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ የተቆለፈ በርና ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ብቻ ነበር። አንድ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ፣ በረንዳው ላይ ተኮራምቼ ሲያዩኝ በራቸውን ገርበብ አድርገው «ኮቱ፣ ታኢ» ይሉኛል። ገብቼ ከማንደጃው አጠገብ ቁጭ እላለሁ። እናቴ ከሄደች ወዲህ ነይ ተቀመጪ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ጋሼ ታደለ አዲስ አበባ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ቴፕና ወረቀቱ የተላጠ አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ ላይ አራት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም። መብራቱ በክረምት እንደ ልቡ ስለሚጠፋ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እሳቸውም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የመቱ ክረምት ግን ፀሐይ መች ያውቃል? ድንጋዮቹ ሁለት ቀን መስኮት ላይ ተደርድረው ለብ እንኳ ሳይሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ዜማው እየተጎተተ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ የታመመ ሰው የሚያቃስት መስሎ ይወጣል። እኔ ያኔ የዜማው ተፈጥሮ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

«ምቱ የተረቱ ሰዎች እግር ነው» ይሉኝ ነበር ፋኖሱን እየለኮሱ። «ቅኝቱ ደግሞ የአየሩ ጠባይ። ስሚ፣ ዛሬ ጭጋግ ነው።»

ተረቱ ከሶር ፏፏቴ በላይ ካለው ጫካ ቀፎ ሊያወርዱ ስለሄዱ አራት ወንድማማቾች ነው። ታላቅየው፣ የመጀመሪያው ቫዮሊን፣ ለፍላፊ ነው፤ ሁለተኛው እሱ ያለውን ሁሉ ልክ ነው እያለ የሚከተል፤ ቼሎው ሸክሙ ከብዶት ከኋላ የሚያዘግም። ሦስተኛው፣ ቪዮላው፣ ዝምተኛ ነው፤ ጭጋጉ ሲወርድ ከወንድሞቹ የሚነጠለውም እሱ ነው። «ኤሳ ጂርታ? የት ነህ?» እያሉ ሲጣሩ፣ እሱም ከሩቅ ሲመልስላቸው ካሴቱ ውስጥ እሰማቸው ነበር። ከዚያ ልክ ሊገናኙ ሲሉ ድንጋዩ ያልቃል፤ ቴፑ አንድ ጊዜ አጉረምርሞ ዝም ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ የፍሙ መንጣጣትና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

«ነገ ያገኙታል» ይላሉ ጋሼ ታደለ። ነገም አያገኙትም። እኔ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ በልቤ ወስኜ ነበር፤ ያ ልጅ ቤቱ የገባ ቀን እናቴም ትመጣለች።

አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ረጅሙ ባለ አራት ድንጋይ ባትሪዋ ውስጥ አዲስ ድንጋይ ከተተች። በማግስቱ ባትሪውን ከትራሷ ሥር አውጥቼ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ታደለ ውሃ ሊቀዱ ጓሮ ሲወጡ ድንጋዮቹን ቀየርኩ፤ አሮጌዎቹ እንዳይመለሱ ብዬ በመስኮት ወደ ቦዩ ወረወርኳቸው። ሲገቡ «ዛሬ እኔ ልክፈተው» አልኳቸውና ቴፑን ተጫንኩት።

ዜማውን አላወቅኩትም። ጥርት ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ቁልቁለት ሲወርዱ የሚመስል ሆነ። ጋሼ ታደለ ጆጉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ቪዮላው ጠፋ፤ ተጣሩ፣ መለሰ፤ ትንሽ እንኳ ሳይቆይ ተገናኙ። አራቱም እየተሽቀዳደሙ ሮጠው በአንድ ድምፅ ጨረሱ።

«ገባ! ጋሼ፣ ቤቱ ገባ!» ብዬ ዘለልኩ።

እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር። ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ቅኝቱ ደማቅ ነው» አሉ። «አራታችን ስንጫወተውም እንዲህ ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ታላቃችን ሞተ፤ ሁለቱ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ደብዳቤም የለ። በዚህ ፍጥነት ስሰማቸው ቶሎ ይሄዱብኛል። ሲንቀራፈፉ ትንሽ ይቆዩልኛል።»

ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ያኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እንደሚገባ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምንድነው ነገ፣ ነገ የሚሉኝ?» ከዚያ ዋናውን ጠየቅኳቸው። «እናቴስ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አሉ።

«ውሸታም ነዎት!» አልኳቸው። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲያ ብዬ አላውቅም ነበር። አራቱንም ድንጋይ ከቴፑ መንጭቄ ወጣሁ።

ድንጋዮቹን ባትሪው ውስጥ መልሼ ከትራሱ ሥር አኖርኩት፤ እትዬ ዘነበች ምንም ሳታውቅ ባትሪዋን ያዘች። ከግድግዳው ወዲያ ግን ድምፅ ጠፋ። የእሳቸውን ድንጋዮች ጎርፍ ወስዷቸዋል፤ አዲስ ይግዙ አይግዙ አላውቅም፣ ብቻ ዜማ አልሰማሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው እንደ ድሮው ገርበብ ይላል። «ኮቱ» ይሉኛል። ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞራለሁ። ሄጄ ይቅርታ ልል በየቀኑ አስብ ነበር፤ ያስቀረኝ ኩራት ነው ወይ እፍረት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእህታቸው ልጅ እግራቸው ስለደከመ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው መጣ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማን።

እናቴ በስምንተኛው ዓመት መጣች። መናኸሪያ ልቀበላት ሄጄ፣ አውቶቡሱ ሲገባ በመስኮቱ እጇን ስታውለበልብ አየኋት። እኔም አውለበለብኩ፤ ወርዳ እስክታቅፈኝ ድረስ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እጄን አላወረድኩም። እናቴ እስከ ዛሬ ያን ያህል ስለናፈቀችኝ ይመስላታል። እውነት ነው፣ ናፍቃኛለች። የሰላምታው ግማሽ ግን የእሷ አልነበረም።