የማዳም የአኩሪ አተር ወተት

በሰው አገር፣ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምሠራላቸው ማዳም ሃምሳን ሲያልፉ ድንገተኛ ሙቀት እያጥለቀለቀ አላስተኛ አላቸው። ሐኪማቸው «አኩሪ አተር የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር አለው፤ ምናልባት ያቀልልዎታል» አላቸው። የአኩሪ አተር ወተቱን ከሱቅ የማመጣው እኔ ነበርኩ። በዚያ ፀሐይ ተመላልሼ ስለሚደክመኝ፣ ባለሱቁ መጀመሪያ የሰጠኝን ዓይነት ካርቶን ሳልጠይቅ እየገዛሁ ሁለት ወር በቡና ቀዳሁላቸው። ጾም ስለነበር እኔም ጠጣሁ።

ትናንት ማዳም «ሙቀቱ ለቀቀኝ፤ ስሙን ለሐኪሜ ልንገረው» ብለው ካርቶኑን አንስተው አነበቡ።

«ይሄ እኮ የላም ወተት ነው» አሉኝ።

ሥራዬም ጾሜም አብረው የተበላሹ መሰለኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ማዳም ካርቶኑን ወደ ፍሪጅ መለሱና፣ «ነገም ይሄንኑ አምጪልኝ» አሉ።