ያንጅማ የፈራችው ስም

«‹ይሄ አይደለም› ተብሎ ለሰው ስም ይወጣል? ለውሻ እንኳ አያወጡትም» አለች የያንጅማ አማት ዶልጎር። አፏን እንደ ቋጠሮ ሰብስባ በአፍንጫዋ ነው የምታወራው፤ እኔ አነጋገሯን ሳስመስል ራሷም ትስቃለች። «የኛ ቤት ልጅ ስሙ ከሰማይ ወይ ከምድር ነው የሚወጣለት።»

«ለሁለቱ ሴቶች ልጆቼ አወጣንላቸዋ» አለች ያንጅማ። «አንዷን ፀሐይ አልናት፣ አንዷን አበባ። የታሉ እማማ? ቆንጆ ስም ሰምተው ነው እነዚያ የማይታዩት የወሰዱብኝ።»

 እኔ ምድጃው ላይ የተጣደውን ሥጋ የማማስል መሰልኩ።

የያንጅማ ጎረቤት ነኝ፤ ድንኳናችን ጎን ለጎን ነው። ያንጅማ ያልተገራ ፈረስ ላይ ዘላ የምትወጣ፣ ተኩላ በጎች መሀል ሲገባ በድንኳን ምሰሶ ያባረረች ሴት ናት። ባሏ እንኳ የሚያኮርፋት ራቅ ብሎ ነው። ይሄ ወንድ ልጅ ከተወለደ ወዲህ ግን ጥላዋን ትፈራለች። ማንነቱ እንዳይታወቅ ቀሚስ ታለብሰዋለች፣ ግንባሩን ጥላሸት ትቀባዋለች። ልንጠይቃት ስንገባ ዓይናችንን ነው የምታየው። እኛ ሞንጎሎች ወጉን እናውቃለን፤ «ኧረ ይሄ ምን አስቀያሚ ነገር ነው፣ የማን ቡችላ ነው?» እንላለን፤ ያኔ ትንሽ ትተነፍሳለች። አንድ ሞኝ ዘመድ «እንዴት ያምራል» ቢላት ሻዩን ሳይጨርስ አስወጣችው።

አማትና ምራት በስሙ ነገር በመጨረሻ ታረቁ። በሰው ፊት ኤነቢሽ ይባል፤ «ይሄ አይደለም» ማለት ነው። እነዚያ ሕፃን የሚወስዱት የማይታዩት ሲመጡ ሰምተው እንዲያልፉት። በጆሮው ግን አያቱ ሜዳው ላይ ካለው ነገር ያሻትን ስም መርጣ ሹክ ትበለው፤ ለእናቱም አትንገር። በስም ማውጫው ቀን ጎንበስ ብላ ሦስቴ ሹክ አለችው። ጆሮዬን ብቀስርም ጥርስ ስለሌላት የሰማሁት ፉጨት ብቻ ነው።

ብርዱ ሲገባ ልጁ ታመመ። ገላው እንደ ምድጃ ነደደ፣ ዓይኑ አልገለጥ አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ ሄደ። ዶልጎር ግን ነፍሱ ወጥታ ሜዳ ላይ ቀርታለች፣ በስሙ ጠርተን እንመልሳት አለች።

«ኤነቢሽ ብለው ይጥሩት» አለች ያንጅማ።

«ነፍሱ በማታውቀው ስም ትመጣለች? ስሙ በጆሮው ያልኩት ነው።»

«ጮኸው ከጠሩትማ እነሱም ይሰሙታል።» ያንጅማ ልጁን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ተኩላውን ስታባርር ያልፈራች ሴት ናት።

ከዚያ ቀና አለች። «ሁሉንም ይጥሩ እማማ። ሜዳው ላይ ያለውን በሙሉ። እነሱ የትኛው እንደሆነ አይወቁት።»

አሮጊቷ በሩን ከፍታ ወተት እየረጨች ጀመረች። «ንፋስ ና፣ ግባ። ድንጋይ ና፣ ግባ። ወንዝ ና። ጭልፊት ና። ጥድ ና። ጭቃ ና፣ ግባ ልጄ።» የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ፀሐይንና አበባን ብቻ ዘለለቻቸው። ያንጅማ ልጁን ታቅፋ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

የአሮጊቷ ድምፅ ሊዘጋ ሲል አንዱን ስትጠራ ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ያንጅማ በየትኛው ስም እንደገለጠ አየች። እኔም አየሁ።

ይኸው ዛሬ ቀሚሱን እንደለበሰ የፍየል ጭራ ይዞ እየተጎተተ ነው። እናቱ አጠገቤ እርጎ እያጣራች ይህን የጻፍኩትን ሳነብላት ስትስቅ ነበር። ስሙማ፣ ያኔ አሮጊቷ የጠራችው…

«ተይ፣ አትጻፊው» አለችኝ። ሳቋ ጠፍቷል። «ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ በምን ታውቂያለሽ? ገና ሕፃን ነው። እዚህ ጋ አቁሚ።»