መስኮት ብዬ የጻፍኩት ቀዳዳ

ሚያዝያ 2001፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት

ከላም በረት በሚኒባስ ተነሳሁ። ከሚሴ አጠገብ ያለው የባላባት ቤት ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አሮጌውን ቤት ለክቼ ፕላኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ የታደሰውም በዚያው ፕላን ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ልኮራ ነበር የምሄደው።

ሸዋ ሮቢት ፓፓያ በላሁ። ሰንበቴ ገበያ ውሎ ነበርና ግመልና በሬ አስፋልቱን ሞልተው ግማሽ ሰዓት አቆሙን። ከዚያ በኋላ የጨፋ ሜዳ ለማሽላ ታርሶ ጠቁሮ ተዘረጋ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሚሴ

በሩ ላይ ሐዋ ጠበቀችኝ። እናቷ አዴ ዘሃራ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ቤት ያገለገለች ነበረች። ያኔ እኔ አዳራሹን ስለካ፣ «ጓዳውንም ግባ እንጂ ልጄ፣ ቤቱ የሚኖረው እዚያ ነው» ብላኝ ነበር። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ፣ ስመለስ አየዋለሁ አልኳት።

«አካም፣ ነጋ? ደህና መጣህ ጋሼ» አለችኝ ሐዋ።

«ደህና ነኝ። አዴ ዘሃራስ?»

«አላህ ይማራት፣ አምና አረፈች።»

ደነገጥኩ። አዳራሹ ገባን። ከባላባቱ መቀመጫ ጀርባ፣ አዳራሹንና ጓዳውን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ሰፊ ባለመስታወት መስኮት ተገጥሟል።

«ይሄ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ፕላኑ መስኮት ይላል ብለው አስፍተው ሠሩት። ወላሂ፣ መስኮት አልነበረም!»

ሐዋ እንደነገረችኝ፣ ባላባቱ አዳራሹ ውስጥ ሲዳኙ ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው እዚሁ ግድግዳ ላይ በነበረች ትንሽዬ ቀዳዳ ያዳምጡ ነበር። ፍርዱ ሲከር አዴ ዘሃራን ይጠቅሷታል። እሷም በቀዳዳው ውሃ በቅል ታቀብላለች። ባላባቱ ውሃውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ቁጣቸው ይበርዳል።

«ስንቱ ሰው በዚያች ውሃ ከግርፋት ዳነ፣ ትል ነበር እናቴ» አለች። «ማንም አልጠየቃትም እንጂ።»

ማንም ያለችው እኔን ነው፤ በጨዋ ደንብ አለፈችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ ግን የምለቅመውም አልቀረልኝ። ያን ቀን መኪናው ቢያመልጠኝ ኖሮ ምን ይጎድለኝ ነበር?

በማግስቱ ማታ፣ ቤት

የድሮውን ንድፍ አውጥቼ ዘረጋሁት። አዳራሹ የጣት ስፋት ሳይቀር ተለክቷል፤ ጓዳው ባዶ ነጭ ነው። ያን ባዶ የምትሞላልኝ ሴትዮ ከእንግዲህ የለችም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መስኮት» የሚለውን በላጲስ ፋቅሁና በቦታው ጻፍኩ፦ «የውሃ ማቀበያ። ስፋቱ፣ ቅል የያዘ የአዴ ዘሃራ ክንድ።»