ከፊተኛው ታማሚ የቀረ መስመር

እኒያ ሽማግሌ ኪኒኑን ውጠውት ነበር ወይ? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ጦርነቱ ከወልድያ ወደ ሐይቅ በሚገፋበት ሰሞን፣ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ትምህርት ቤት የታማሚ መዝገብ እይዝ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ልጅ ወልጄ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩትማ ለውጥ መጣ በተባለ ማግስት ደሴ ሲሆን፣ ከክፍሉ ሁሉ ትልቋ እኔ ነበርኩ። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

አሮጌው ላፕቶፕ ግን በየመሐሉ ቀጥ ይላል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ታማሚ በማሽኑ ውስጥ አዲስ ካርድ ይሠራል፤ የመድኃኒቱ ወረቀት ሲታተም ካርዱን ይጥለዋል። የተጣለው ሲበዛ ማሽኑ ሥራውን አቁሞ መጥረግ ይጀምራል፤ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል። ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው ነርስ፣ “አንቺ፣ ይሄ ነገርሽ ሶላት ላይ ነው እንዴ?” ይሉኛል።

የሠፈራችን ቅሬ፣ የለቅሶ እድራችን፣ ትዝ አለኝ። ለለቅሶ በመጣው ሰው ቁጥር አዲስ ሳህን አይገዛም፤ የተበላበት ታጥቦ ለሚቀጥለው ይቀርባል። እኔም ሃያ ካርድ አስቀድሜ ሠራሁና አንዱ ታማሚ ሲሄድ ካርዱ ጸድቶ ለሌላው እንዲሰጥ አደረግሁ። ማሽኑ በረረ። ሲስተር “ምን አብልተሽው ነው?” ብለው ሳቁ። ኮራሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ለሸሹት ምትኩ በወረቀቱ ላይ አብሮ እንዲወጣ፣ “የቆየ ሕመም” የሚል መስመር ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ካርዱን በሚያጸዳው ትእዛዝ ውስጥ ግን ያንን መስመር ማስገባት ረሳሁ። የእኛ አገር ሰው የቆየ ሕመም አለብዎ ወይ ሲሉት “አልሐምዱሊላህ” ይላል፤ ክርስቲያኑም “እግዚአብሔር ይመስገን”። እኔ ቦታውን ባዶ ትቼ አልፋለሁ። ባዶ ከሆነ አዲስ ነገር አይጻፍበትም፤ የፊተኛው ሰው ሕመም እዚያው ይቀራል።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት የመድኃኒት ፖስታ ይዘው መጡ። “ልጄ፣ ይሄ የማን ነው? የስኳር ነው አሉኝ። እኔ ስኳር ለሻይም አጥቻለሁ!” ሰልፉ ሳቀ። 

ፖስታውን ተቀብዬ መዝገቡን ሲስተር በእጃቸው ከሚጽፉት ደብተር ጋር አመሳከርኩ። የስኳር ሕመም በዚያ መስመር የተጻፈው ገና አንድ ሰው ላይ፣ ያውም በዋዜማው ማምሻ ስለነበር፣ ከእናትየዋ ሌላ የተሳሳተው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር፤ በዋዜማው ለሳል የመጡ፣ ከአምባሰል በእግራቸው የወረዱ ሽማግሌ። ስኳር የሌለበት ሰው ያንን ኪኒን በባዶ ሆዱ ቢውጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም እንደሚችል አውቅ ነበር።

ለሲስተር መንገር ነበረብኝ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው መስጊድ ድምፅ ማጉያ ማስጠራት ይቻል ነበር። አፌን ከፈትኩ። “በስተርጅና ኮምፒውተር!” ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ፊቴ ተደረደሩ። ሽማግሌው ወደ ደሴ ሄደዋል፣ አሁን ማን ያገኛቸዋል አልኩ ለራሴ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። የጎደለችውን አንዲት ትእዛዝ ጨመርኩና ቀጣዩን ታማሚ ጠራሁ። 

በማግስቱ ተኩሱ ቀረበና ሁላችንም ሸሸን። መንገድ ዳር የተኛ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ፊቱን አያለሁ። ሳላገኛቸው እንዳልቀር እፈራለሁ፤ እንዲያ ወድቀው እንዳላገኛቸውም እፈራለሁ። አገር ተረጋግቶ ስንመለስ አምባሰል ድረስ ወጣሁ። በራቸው ተዘግቷል። ጎረቤታቸው “እንደወጡ ናቸው፣ ወሬያቸውም የለ” አለችኝ።

ለሲስተር የነገርኳቸው የተዘረፈውን ጤና ጣቢያ መደርደሪያ አብረን ስናጥብ ነው። “ሲስተር፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ” ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ተዉት።

“ሳል የያዛቸው? ጥቁር ጃንጥላ ያላቸው?”

“አዎ።”

“ሴትዮዋ ፖስታውን በመለሱ ቀን እኮ እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ድረስ መስጊዱ ግቢ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ርቧቸው ነው ብዬ ሻይ ሰጠኋቸው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ መርቀውኝ ተነሡ። ርሃቡ ይሁን ኪኒኑ እኔ በምን ልወቅ? የምታውቂው አንቺ ነበርሽ” አሉኝ።